የጎሮው ወላጅ

በዚህ ከተማ ልጅን በጅብ ማስፈራራት ከቀረ ቆይቷል። ጅቡም ኮንዶሚኒየሙ ሲከበው አካባቢውን ለቆ ሄዷል፤ ልጆቹም ከእጃቸው በማይለየው ስልክ ከጅብ የባሰ ነገር እያዩ አድገዋል። ዛሬም ድረስ ጉልበቷን ያላጣች አንዲት ማስፈራሪያ ብቻ ቀርታልናለች፤ እሷም «ወላጅ አምጣ» ትባላለች። ቃሏን ለብቻዋ ብትመለከቷት ግብዣ እንጂ ዛቻ አትመስልም። ነገር ግን «ልጅዎ ጎበዝ ስለሆነ ጠራንዎት» የተባለ ወላጅ አይታችሁ ከሆነ እስቲ ንገሩኝ። እኔ አላየሁም። እኔ ያየሁት ወላጅ የትምህርት ቤቱን በር ገና ሳያልፍ አንገቱን የሚደፋ፣ ክሱን ሳይሰማ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ጥፋቱን የሠራው እርሱ ይመስል ከሰሌዳው ፊት እጁን አጣምሮ የሚቆም ነው። ሥራውን ጥሎ ለመወቀስ ብቻ የሚጓዝ ሰው እግሩ ምን ያህል እንደሚፈጥን እናንተው ገምቱ።

ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ አባታቸውን አይጠሩም። መንገድ ላይ ወጥተው ዕድሜውም አለባበሱም ለአባትነት የሚበቃ ሰው ይፈልጉና «ጋሼ፣ በናትዎ ለዛሬ ብቻ» ብለው ይለምናሉ። «የዘንድሮ ልጆች ወላጅ ይከራያሉ!» እያለ በየታክሲው የሚማረር ሰው ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔ አልማረርም።

የሚከራየው እኔ ነኝ።

ኪራይ የሚለውን ቃል ግን አልቀበለውም፤ የማገለግለው በነፃ ነው። ስሜ ይማም ነው፤ በሰፈሩ ጋሽ ይማም እባላለሁ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዘመን አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስ ምን ማለት እንደነበረ ለዛሬ ሰው ማስረዳት ስለማይቻል አልሞክርም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቦሌ ግድም የጭነት መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ፤ ከዚያ ጎሮ ገባሁ። አሁንም ጠዋት ጠዋት ሱፌን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ እስከ ሑሴን ሱቅ እሄዳለሁ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጬም ጋዜጣ አነባለሁ። «የትም ለማይሄዱት ከረባቱ ለምንድን ነው?» ይለኛል ሑሴን። እንደ እኔ ወሎዬ ስለሆነ ምላሱን እታገሠዋለሁ። ሌሎቹ ደግሞ «ኩራት ነው» ይሉኛል። አዎን፣ ኩራት ነው። ሌላ ምን መስሏችሁ ነበር?

እንግዲህ ከጎሮ አደባባይ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ብትፈልጉ ለአባትነት ከእኔ የተሻለ ቁመና አታገኙም። ተማሪዎቹ ይህንን ከእኔ ቀድመው ነው ያወቁት። ቢሆንም የለመነኝን ሁሉ ተከትዬ አልሄድም። ጥፋቱን በመጀመሪያ አስነግረዋለሁ፤ አባቱ ሊቆጣው የሚገባውንም ያህል እቆጣዋለሁ። ታናሹን የመታ ወይም የሰው ዕቃ ያነሣ ከሆነ «አባትህን ጥራ» ብዬ እመልሰዋለሁ። ከመምህር ፊት ስቀርብ ደግሞ አልሽቆጠቆጥም። «ልጁ ረበሸ» ሲሉኝ «ምን እያስተማራችሁት ሳለ ነው የረበሸው?» እላለሁ። ከወላጅ አፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምተው ስለማያውቁ ትንሽ ይደናገጣሉ፤ ከዚያ ወንበር ያቀርቡልኛል።

ከሁሉም ልጆች ደጋግሞ የወሰደኝ ናትናኤል የሚባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አፉ የማያርፍ፣ ክፉ ግን ያልሆነ ልጅ። እኔ ይማም፣ እርሱ ናትናኤል። «አጎቱ ነኝ» እላለሁ። ወሎዬ መሆናችሁን ከተናገራችሁ ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቃችሁም።

አሁን ስለ ልጄ ልጅ ስለ ሐያት ልንገራችሁ። ሐያት ኦሎምፒያ ሰፈር ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ የምትማረውም መምህርነት ነው። ከመመረቋ በፊት ክፍል ውስጥ ገብታ ማስተማርን መለማመድ አለባት፤ ዘንድሮ ደግሞ ኮሌጁ ጥቂቶቹን መርጦ የልምምዱን እኩሌታ ውጭ አገር፣ እኩሌታውን እዚህ እንዲያደርጉ ወስኖ ነበር። ሐያት ተመረጠችና ናይሮቢ ሄደች። ከዚህ አገር ሰው ወደ ውጭ የሚሄደው ለመማር ወይም በሰው ቤት ለመሥራት ነው፤ የእኔ ልጅ ልጅ ግን ልታስተምር ሄደች። ይህንን በሑሴን በረንዳ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ሑሴን ስኳር እየመዘነ ሳቀብኝ።

«ናይሮቢማ ውጭ አገር ይባላል እንዴ ጋሽ ይማም? ጎረቤት እኮ ነው!»

«ጎረቤትህን ሄደህ አስተምረህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሚዛኑን ወደ ማየት ተመለሰ።

ሐያት ከናይሮቢ ስትመለስ ጎሮ ባለው በዚያው ትምህርት ቤት ተመደበች። ጠዋት ፈረቃ ስለ ነበረች እኔም የወላጅነት ሥራዬን ከሰዓት ብቻ አደረግሁት። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ምሳ ስትበላ ያየችውን ትነግረኛለች። ልምምድ በገባችበት የናይሮቢ ትምህርት ቤት ወላጅ የሚጠራው ለክስ አልነበረም አለችኝ። ልጁ ራሱ አባቱን ወይም እናቱን አስቀምጦ ደብተሩን ይገልጥና የገባውን ያስረዳል፤ ያልገባውንም በራሱ አፍ ይናገራል። መምህሩ ግን ጥግ ይዞ ዝም ይላል።

«ዝም የሚል መምህር?» አልኳት።

«አባባ፣ ዝም ማለት እኮ ከማስተማር ይከብዳል። እርስዎ እስቲ ይሞክሩት!»

ነገሩን እንደ መዳፈር ብቆጥረውም አለፍኩት። ምክንያቱም ያን እሑድ ፊቷ ላይ ጭንቀት ነበረ። በሳምንቱ ውስጥ ከኮሌጁ ገምጋሚ መምህርት ትመጣለች፤ የምታየው ነገር ካላረካት ልምምዱ አይጸድቅም፤ ካልጸደቀም ሐያት ዘንድሮ አትመረቅም። «አንድ ነገር አዘጋጅቻለሁ፤ ከተሳካ እነግርዎታለሁ፤ ካልተሳካ ግን ጋውኑን ለከርሞ ነው የምለብሰው» ብላኝ ሄደች።

ማክሰኞ ዕለት ናትናኤል በረንዳው ሥር መጣ።

«ጋሼ፣ ነገ ወላጅ አምጡ ተብለናል። ከሰዓት ነው።»

«ምን አጠፋህ?»

«ምንም።»

«ሁላችሁም የምትሉት ይህንኑ ነው። ምን አጠፋህ?»

«ወላሂ ጋሼ፣ ምንም!» አለኝ ናትናኤል። ክርስቲያኑ ልጅ በእኔ ሃይማኖት ሲምልልኝ ጥፋቱ ከባድ መሆኑን ተረዳሁ። በደንብ ተቆጣሁት፤ ከዚያም እሺ አልኩ። ከሰዓት የተባለው ወላጅ እንዲመቸው ታስቦ ሊሆን እንደሚችል፣ የጠራችውም የጠዋት ፈረቃ መምህርት ልትሆን እንደምትችል በሐሳቤ ውል አላለም። ለወላጅ ምቾት ታስቦ የሚደረግ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ይህንን እንደ ጥፋት አትቁጠሩብኝ።

ረቡዕ ከናትናኤል ጋር ክፍሉ ውስጥ ስገባ የልጆቹ ዴስክ ላይ፣ ከየልጆቹ ጎን፣ ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀመጡ ብዙ ወላጆች አገኘሁ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን አንደኛው የአደባባዩ ሎተሪ አዟሪ ነው፤ ሎተሪውን ደረት ኪሱ ውስጥ ሸጉጦታል። አጠገቡ ያለው መገናኛ ታክሲ ተራ የሚያስከብረው ድምፀ ጎርናናው ሰውዬ ነው። ከኋላ ጢሙ ገና ያልበቀለ ጎረምሳ፣ ምናልባት «አባቱ ነኝ» ሊል፣ ኮት ተውሶ ተቀምጧል። እውነተኛ ወላጅ አልነበረም እንዴ ብትሉኝ አንዲት እናት ነበረች። እሷንም የለየኋት ከሁላችን መካከል ከልቧ የፈራችው እሷ ብቻ ስለ ነበረች ነው።

በሩ ተከፈተና ሐያት ገባች። ከኋላዋ መነጽር ያደረገች፣ ቆፍጣና ገምጋሚ ተከትላለች። ሐያት ፈገግ ብላ ወላጆቹን በዓይኗ ስትቃኝ ቆይታ እኔ ላይ ደረሰች። ፈገግታው እዚያው ቆመ። እኔም ከረባቴን አስተካከልኩ እንጂ ዓይኔን አልሰበርኩም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች ድምጿን እንደ ምንም አጽንታ፤ «ዛሬ እዚህ የጠራናችሁ...»

ተራ አስከባሪው አላስጨረሳትም። ከዴስኩ ጋር እየታገለ ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ አጥፍቷል! አውቃለሁ፣ አጥፍቷል! ለዛሬ ማሩልኝ፤ ቤት ሲገባ እኔ ልክ አስገባዋለሁ!» አለ፣ ተሳፋሪ በሚጠራበት ድምፅ።

«እኔም ልጄን ከቲቪ ላይ አስነሥቼ አስጠናታለሁ፣ በአላህ!» አለ ሎተሪ አዟሪው። ጎረምሳውም ኮቱን ቆልፎ፣ «የኔን ልጅ የጓደኛ ነገር ነው ያበላሸው፤ እኔም በሱ ዕድሜ...» ካለ በኋላ ዕድሜውን አስቦ ተቀመጠ።

«ማንም ያጠፋ የለም» አለች ሐያት።

በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚህ ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነገር ተነግሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ናትናኤል ክንዴን ጎሸም አድርጎ፣ «ነግሬዎት አልነበር?» አለኝ በሹክሹክታ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሐያት በናይሮቢ ያየችውን ለጎሮ ልጆች ልታደርግላቸው ፈልጋ «ወላጆቻችሁን አምጡ» ብላ ነበር። እነርሱ ደግሞ ይህ አነጋገር አንድ ትርጉም ብቻ እንዳለው ስለሚያውቁ በቀጥታ የሄዱት ወደ እኛ ወደ ባለሙያዎቹ ነው።

ልጆቹ ግን አላሳፈሯትም። ደብተራቸውን ገለጡ። ናትናኤል የሰፈሩ የውሃ መውረጃ ቦይ በየክረምቱ ለምን እንደሚሞላ በሥዕል አድርጎ አስረዳኝ፤ ከዚያ ገጹን ገለጠና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ክፍልፋይ ላይ ግን ደካማ ነኝ» አለ። ይህ አፈኛ ልጅ ደካማ ነኝ የሚል ቃል ያውቃል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ወዲያ ማዶ ሎተሪ አዟሪው አንዲት ልጅ የምታነብለትን አፉን ከፍቶ ይሰማል። ሐያት ጥግ ይዛ ዝም ብላለች። ገምጋሚዋ በየዴስኩ እየተዘዋወረች ራሷን በመገረም ትነቀንቃለች።

«በሥራ ቀን ይህን ያህል ወላጅ! የትም ትምህርት ቤት አልገጠመኝም» አለች። ቀጥሎም እኔ ዘንድ ደርሳ በአክብሮት ጎንበስ አለች። «አባቴ፣ እርስዎ የልጁ ምኑ ነዎት?»

አጎቱ ነኝ ልል ነበር። አልደብቃችሁም፤ የዚያን ዕለት አያቱ፣ አባቱ፣ ካስፈለገም እናቱ ነኝ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። የሐያት ጋውን ያለው በአንደበቴ ላይ ነው። አፌን ስከፍት ግን ሐያት ቀደመችኝ።

«አያቴ ናቸው» አለች። «የእኔ አያት። የናትናኤል ምኑም አይደሉም።» ወደ ተራ አስከባሪው ዞረች። «እኚህም ጠዋት ጠዋት መገናኛ ላይ ታክሲ የሚያሳፍሩኝ ናቸው። ከእኚህ እናት በቀር እዚህ ክፍል ውስጥ ያለ ወላጅ አይመስለኝም።»

ጎረምሳው ኮቱን ይዞ ወጣ። ገምጋሚዋ መነጽሯን አውልቃ ወደ ሐያት ዞረች።

«ምንም ባትናገሪ ኖሮ እኔ አላውቅም ነበር» አለቻት።

«እኔ ግን አውቅ ነበር።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ረቡዕ እመጣለሁ። የወለዱ ሰዎች ይምጡ። ካልመጡ ልምምዱ አልተጠናቀቀም ብዬ እጽፋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነም ታውቂዋለሽ።»

ስንወጣ ሐያት እስከ አስፋልቱ ድረስ አላናገረችኝም። አስፋልቱ ላይ ፈነዳች።

«እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል አባባ? በዚህ ዕድሜዎ!»

«ወላጅ አምጡ ብለሽ ጠራሽ፤ መጣሁ።»

«እርስዎን አልጠራሁም! ወላጅ ነው የጠራሁት!»

«ወላጁ ካልመጣስ?» አልኳት ቆም ብዬ። «የናትናኤል አባት ሚኒባስ ነው የሚነዳው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ሲመለስ ልጁ ተኝቷል። ያቺ የምታነብ ልጅ እናቷ መገናኛ የልጆች ልብስ ዘርግታ ትሸጣለች፤ አንድ ከሰዓት ብትነሣ ቦታዋን ሌላ ይይዝባታል። አንድ ሰው መሄድ ነበረበት፤ ሄድኩ። ይቅርታ እንድጠይቅ የምትጠብቂ ከሆነ መንገዱን እየተራመድሽ ጠብቂ።»

ጥቂት ከተራመደች በኋላ ዞር አለች። «ይህን ሁሉ እንዴት አወቁት?»

«ሳልጠይቅ ወላጅ አልሆንም።»

ንዴቷ ሙሉ በሙሉ አልበረደም፤ ሆኖም ማን የት እንደሚሠራ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ይዛኝ ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበራትም። ሳምንቱን ሙሉ፣ እሷ ከክፍል ስትወጣ እየጠበቅኋት፣ በየገበያውና በየፌርማታው ተከራተትን። ነገሩን በሥርዓት ማስረዳት ቀላል አልነበረም። የናትናኤልን አባት ታደሰን ያገኘነው መገናኛ ላይ ሚኒባሱን ሲያስሞላ ነው። የአስተማሪ ደብተር የያዘች ልጅና ከረባት ያሰረ ሽማግሌ አብረው ሲመጡበት ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም» አለች ሐያት።

«የመታው ሰው አለ?»

«የለም። ደብተሩን ሊያሳይዎት ነው የሚፈልገው።»

ታደሰ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ። «እህቴ፣ ስሚኝ፤ ክፉ ነገር ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ። ምንም ሳያጠፋ ወላጅ አይጠራም። እኔም ተማሪ ነበርኩ።»

«ሹፌር! እንሂድ እንጂ፣ ረፈደብን!» ብሎ አንዱ ተሳፋሪ ጮኸ። ከኋላ ወንበር ግን አንዲት ሴት፣ «ተው እንጂ፣ የልጁ ነገር ነው! አንተዬ፣ ደብተር ለማየት ነው እኮ የጠሩህ፤ ምን ያስፈራሃል?» አለችው። ሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። እኔም በመስኮቱ በኩል ገባሁበት። በመጨረሻም ታደሰ የመጣ ይምጣ እንደሚል ሰው፣ «እሺ፣ ረቡዕ እመጣለሁ» አለ።

ረቡዕ ደረሰ። እኔ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ ያቺ ልብስ የምትሸጠዋ እናት መጣች፤ ቦታዋን ሎተሪ አዟሪው እየጠበቀላት ነው። ከዚያ ሌሎች፣ አንዳንዱ ከነሥራ ልብሱ፣ ገቡ። ሁሉም አልመጡም፤ እንዲያም ሆኖ የመጡት ዴስኩን ሞልተውታል። ታደሰ ግን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ እየሮጠ ደረሰና በሩ ላይ ዘበኛው አገደው።

«ወዴት?»

«የናትናኤል አባት ነኝ። ወላጅ ተብለን ነው።»

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየው። «የናትናኤል ወላጅ እኚህ ናቸው» አለ ወደ እኔ እያመለከተ። «ስንት ጊዜ አስገብቻቸዋለሁ! አንተን አላውቅህም።»

«እኔ ነኝ የወለድኩት!»

«እንደዚህ የሚል ብዙ ነው ወንድሜ። እዚህ በር ላይ ስንት አስመሳይ ይመጣል መሰለህ!»

ታደሰ መታወቂያውን አወጣ። ዘበኛው አገላብጦ አይቶ፣ «ታደሰ የሚባል ሰው አገር ሙሉ ነው» ብሎ መለሰለት። በክፍሉ መስኮት በኩል ሐያት ሰሌዳው ሥር ቆማ ወደ በሩ ስትመለከት ይታየኛል፤ ገምጋሚዋም ሰዓቷን ታያለች። ናትናኤል ባዶ ቦታ አጠገብ ደብተሩን ገልጦ ተቀምጧል።

ስለዚህ ጀርባዬን አቀናሁና ወደ ዘበኛው ቀረብኩ።

«እኔ የዚህ ልጅ ወላጅ መሆኔን ታውቃለህ?»

«እንዴታ ጋሼ!»

«እንግዲያው በወላጅነቴ እመሰክራለሁ፤ ይህ ሰው አባቱ ነው።»

ዘበኛው ጥቂት አሰበ። «እርስዎ ካሉማ ይግባ» አለ።

ታደሰ ገባ። እኔ አልገባሁም፤ የተጠራሁ ሰው አልነበርኩም። ውስጥ የሆነውን በኋላ ሐያት ነገረችኝ። ልጁ ክፍልፋይ ላይ ደካማ ነኝ ሲል አባቱ አንገቱን አቀርቅሮ «እኔም እዚያው ላይ ነበር የቀረሁት» አለው አሉ። ልምምዷ ጸደቀ። ገምጋሚዋ ይህንን ለሐያት ስትነግራት እጇን ጨብጣ ነው። ሐያት ከክፍል ስትወጣ ሳቋንና እንባዋን አንድ ላይ ይዛ ወደ እኔ መጣችና ትከሻዬን ሳመችኝ። የጠበቅሁት ይቅርታ ባይሆንም ተቀበልኩ።

ታደሰ ከኋላዋ ደረሰ። የሚኒባሱን ቁልፍ በጣቱ ያዞራል።

«ጋሼ፣ በእኔ ፋንታ ስንት ጊዜ ተወቀሱ?»

«አንድም ጊዜ። ሁሌም ተከራክሬ ነው የወጣሁት።»

«ናቲም እንደዚያ ነው ያለኝ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ ልለምንዎት። የዛሬው ዓይነት ከሆነ እኔው እመጣለሁ፤ ሚኒባሱን ገትሬም ቢሆን እመጣለሁ። ክስ ሲሆን ግን መምህር ፊት አፌ ይተሳሰራል፤ ለልጁም አልረባውም። የክሱን እርስዎ ይሂዱልኝ።»

«አባባ!» አለች ሐያት። «እሺ እንዳይሉ!»

እሺ አልኩ። ምን ልላችሁ እችላለሁ? አባቱ ፊት ለፊት ቆሞ፣ በንጹሕ ፈቃዱ ውክልና ሰጥቶኛል፤ ከእንግዲህ በየታክሲው የምታሙኝ ሁሉ ይህንን ጨምራችሁ እሙኝ። ሐያት ሰኔ ላይ ትመረቃለች። ትምህርት ቤቱ ወዷታልና መስከረም ላይ እዚያው ልትመደብ ትችላለች ይባላል፤ ናትናኤልም ስምንተኛ ክፍል ይሆናል፤ አፉም ባለበት ነው። አንድ ቀን ይረብሻታል። እሷም ወላጅ ታስጠራለች። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ያስገባኛል፤ ከዴስኳ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፤ የምትለውን ሁሉ በጥሞና እሰማለሁ። የልጄ ልጅ ናት ብዬ ግን አላዝንላትም።